ወጡ የሚሠራው የት ነው?

አዲስ የኪችን ሥራ ስቀበል፣ ሜትሬን ከመዘርጋቴ በፊት የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ ወጡ የሚሠራው የት ነው? አንዳንዱ ባለቤት ይስቃል፤ አንዳንዱ ቅር ይለዋል። አዲስ አበባ ውስጥ ሰፋ ያለ ግቢ ያለው ቤት ብዙ ጊዜ ሁለት ማብሰያ አለው። አንደኛው ከሳሎኑ ጋር የተያያዘው፣ እንግዳ የሚያየው፣ ማይክሮዌቭና የቡና ማሽን የሚቀመጥበት ነው። ሌላው ጓሮ፣ ከሠራተኛ ክፍል ጎን፣ ሽንኩርት የሚቁላላበትና እንጀራ የሚጋገርበት። ገንዘቡ ሁሉ ፊተኛው ላይ ይፈስና የጓሮው ሊሾ ወለሉንና ቀለም የተቀባ ግድግዳውን ይዞ ይቀራል። ዘይት የሚፈናጠቀው፣ እርድ የሚደፋው፣ የጋለ ድስት የሚወርደው ደግሞ እዚያው ነው።

ኮንዶሚኒየም ላይ ይህ አማራጭ የለም። አንዲት ጠባብ ክፍል ሁለቱንም ትችላለች፤ ስለዚህ የድንጋዩ ምርጫ ይበልጥ ይከብዳል።

በቅርቡ የሠራሁላቸው አንዲት እናት ኮንዶሚኒየማቸው ውስጥ ነጭ እብነበረድ ካልገባ ብለው ነበር። «የዳለቲ እብነበረድ የአገራችን ነው፤ ምን ይወጣለታል?» አሉኝ። እውነታቸውን ነው፤ ከቤኒሻንጉል ጉሙዝ የሚመጣው የዳለቲ ድንጋይ ለደረጃና ለሳሎን ወለል ያምራል። ግን እብነበረድ ካልሲየም ካርቦኔት ነው፤ አሲድ ይበላዋል። ክርክር ከማብዛት ብዬ ቁራጭ ናሙና አመጣሁ፣ ግማሽ ሎሚ ደፋሁበት፣ አጠገቡ በዘይት የተለወሰ እርድ ጠብ አደረግሁ። «እትዬ፣ እስከ ጠዋት አይንኩት።»

ጠዋት ሎሚው ሲነሣ ከሥሩ ደብዛዛ ክብ ወጣ። ጣታቸውን አሳለፉበት፤ ዙሪያው ይንሸራተታል፣ ክቡ ውስጥ ሻከር ይላል። እርዱም ቢጫ ጥላውን ትቷል።

«በሳሙና አይለቅም?»

«እርዱ ውሎ አድሮ ሊለቅ ይችላል። የሎሚው ግን ቆሻሻ አይደለም፤ ድንጋዩ ራሱ ነው የተበላው። እንደገና በማሽን ካልተወለወለ አይመለስም።»

ጠቆር ያለ ግራናይት መረጡ። ግራናይት በአብዛኛው ኳርትዝና ፌልድስፓር ስለሆነ ሎሚም ኮምጣጤም አያስደነግጠውም፤ ፈዘዝ ያለው ዓይነት ግን ዘይት ሊመጥ ይችላል። ውሃ ጠብ አድርጎ አሥር ደቂቃ መጠበቅ ነው፤ ቦታው ከጠቆረ መከላከያ ፈሳሽ ያስፈልገዋል። ክብደቱንም ከካቢኔቱ አናጢ ጋር አስቀድሞ መነጋገር ይገባል። ባለ 2 ሳንቲ ሜትር ግራናይት በካሬ ሜትር 54 ኪሎ ያህል ይመዝናል። ሲንኩ የሚገባበት ቀዳዳ ከተቆረጠ በኋላ ፊት ለፊት የምትቀረው ቀጭን ማሰሪያ ቶሎ ትሰበራለች፤ ድንጋዩን አጋድሞ ሳይሆን በጠርዙ አቁሞ መሸከም ነው የሚበጀው።

ከድንጋዩ በላይ ላለው ግድግዳ የመስታወት ሞዛይክ ፋሽን ሆኗል። መስታወት ምንም አይመጥም፤ ይህ ሻጩ የሚናገረው ነው። በርበሬና ዘይት የሚይዘው በመካከሉ ያለው የሲሚንቶ መገጣጠሚያ ነው፤ ይህን ሻጩ አይናገርም። 2.5 ሳንቲ ሜትር በ2.5 የሆነ ሞዛይክ አንድ ካሬ ሜትር ላይ ከ1,300 በላይ ቁራጭ ይይዛል፤ የመገጣጠሚያው መስመር ሲደመር ከ70 ሜትር ይበልጣል። 30 በ60 የሆነ ሰፊ መስታወት ከሆነ 5 ሜትር ብቻ። ከምድጃው ጀርባ ቁሌት ለሚፈናጠቅበት ግድግዳ ሰፊውን እመክራለሁ፤ ሞዛይኩን የፈለገ ከሲንኩ በላይ ያድርገው። ማጣበቂያውም ነጭ ይሁን። መስታወቱ ብርሃን ስለሚያሳልፍ ግራጫ ሲሚንቶ ቀለሙን ያጠፋዋል፣ የግንበኛው ማንኪያ ጭረት ሳይቀር ከበስተጀርባ ይታያል፤ ስለዚህ ጭረቱን አስተካክሎ መዳመጥ ነው። ግድግዳውና ድንጋዩ የሚገናኙበት ላይ ግን ሲሚንቶ ሳይሆን ሲልከን ይገባል፤ ሁለቱ እኩል ስለማይንቀሳቀሱ ሲሚንቶው ይሰነጠቃል።

ምጣዱን ብዙ ሰው ይረሳዋል። የድንጋዩ ወርድ እንደ ወትሮው 60 ሳንቲ ሜትር ነው፤ የኤሌክትሪክ ምጣድ ብቻውን ያንን ይሞላል። ከዚያም 90 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ላይ ከወጣ ጋጋሪዋ ሊጡን ስታዞር ክንዷ ትከሻዋ ድረስ ይነሣል። ለዚህ ዝቅ ያለ መደብና ለብቻው የተሳበ የመብራት መስመር አስቀራለሁ፤ ምጣዱ ከ3 ኪሎ ዋት በላይ ይጎትታልና። ከፍታውን ስወስን የምለካው የምታበስለዋን ሰው ክንድ ነው፣ ባለቤቱ ቢደነቅም።

ሌላው የሚረሳ ሠራተኛ ድንጋይ ቆራጩ ነው። ግራናይት በደረቁ ሲቆረጥ የሚበንነው ነጭ አቧራ ሲሊካ አለው፤ ሳንባን ይጎዳል፣ ጉዳቱም አይድንም። በፋብሪካ ከኳርትዝ ዱቄትና ከሙጫ የሚሠራው ድንጋይ ደግሞ ሲሊካው ከግራናይት ብዙ ይበልጣል፤ አውስትራሊያ እ.ኤ.አ. ከጁላይ 1 ቀን 2024 ጀምሮ አግዳዋለች። እዚህ ልጆቹ ፊታቸውን በሻርፕ ሸፍነው በረንዳ ላይ ሲቆርጡ አያለሁ። በእኔ ሥራ ላይ መቁረጫው ያለ ውሃ አይነሣም። ግቢዬ ጨቀየ የሚል ባለቤት አይጠፋም፤ ጭቃውን አጥበን እንደምንሄድ ውሉ ላይ እጽፍለታለሁ።