ከእንቁላል እስከ ጫጩት፤ ባዮሎጂ የተማረ ሰው ምን ይሠራል?

ዶሮ እንቁላል ታቅፋ 21 ቀን እንደምትሰነብት የማያውቅ ገበሬ የለም። በ21ኛው ቀን ጫጩቱ ቅርፊቱን ሰብሮ ይወጣል። ታዲያ በእነዚህ ቀኖች በቅርፊቱ ሥር ምን ሲሠራ ይሰነብታል? አስኳሉና ነጩ ፈሳሽ እንዴት ዓይንና ክንፍ፣ ልብና እግር ይሆናል?

ይህን የሚመረምር ትምህርት አለ። ሕይወት ስላላቸው ነገሮች ሁሉ የሚያጠናው ትምህርት ባዮሎጂ ይባላል። ከባዮሎጂ ክፍሎች አንዱ፣ ሰውም ሆነ እንስሳ፣ ተክልም ሆነ ተባይ፣ ከአንዲት ቅንጣት ተነሥቶ እንዴት ሙሉ አካል እንደሚሆን ያጠናል። ስሙ ዴቨሎፕመንታል ባዮሎጂ ነው። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የዕድገት ጥናት እንለዋለን።

እኛ ባዮሎጂ የምንማር የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ነን። ከገበሬዎች ጋር ስንጨዋወት ዘወትር የሚቀርብልን ጥያቄ አለ። «ባዮሎጂ የተማረ ሰው ሐኪም ነው? ካልሆነስ ምን ሠርቶ ይበላል?» ይሉናል። ጥያቄው የሚናቅ አይደለም። ልጅ ትምህርት ቤት ሲውል ከብት የሚጠብቅ ይጠፋል፤ ለደብተርና ለቀለብ በግ ይሸጣል፤ አንዳንዴም በሬ ይሸጣል። ይህን ሁሉ የሚከፍል ቤተሰብ ትምህርቱ ምን እንደሚሰጥ ማወቅ አለበት። ስለዚህ መጀመሪያ ትምህርቱን፣ ቀጥሎ ሥራውን እንናገራለን። ዓመታቱን የምንጽፈው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።

በእንቁላሉ ውስጥ

የሰውም፣ የእንስሳም፣ የተክልም አካል እጅግ ጥቃቅን ከሆኑ ክፍሎች የተሠራ ነው። እነዚህ ክፍሎች ሕዋሳት ይባላሉ። ድንጋይ በድንጋይ ላይ ተደርቦ ቤት እንደሚሆን፣ ሕዋስም ከሕዋስ ጋር ተያይዞ አካል ይሆናል። ነገር ግን ልዩነት አለ። ድንጋይ አይራባም። ሕዋስ ግን ለሁለት ይከፈላል፤ ሁለቱ አራት፣ አራቱ ስምንት እያሉ ይበዛሉ።

እንቁላል ሲሰበር በአስኳሉ ላይ ትንሽ ነጣ ያለች ነጥብ ትታያለች። ዶሮዋ አውራ ዶሮ ካገኛት ጫጩቱ የሚሠራው ከዚያች ነጥብ ነው። አስኳሉ ስንቁ ነው። እንዲህ ያለ እንቁላል በተጣለበት ሰዓት በነጥቧ ውስጥ በሺህ የሚቆጠሩ ሕዋሳት አሉ። እንቁላሉ ሲቀዘቅዝ ግን ዕድገቱ ይቆማል። ዶሮዋ ስትታቀፈው እንደገና ይቀጥላል።

እስቲ አንድ ነገር ልብ በሉ። ዶሮ 10 እንቁላል የምትጥለው በአንድ ቀን አይደለም። ጫጩቶቹ ግን በአንድ ወይም በሁለት ቀን ውስጥ አብረው ይፈለፈላሉ። ለምን? መጀመሪያ የተጣለው እንቁላል ዕድገቱን አቁሞ የመጨረሻውን ስለሚጠብቅ ነው። መጠበቁም ወሰን አለው። ከአንድ ሳምንት በላይ የቆየ እንቁላል የመፈልፈል ዕድሉ እያነሰ ይሄዳል። ስለዚህ ለማስታቀፍ የሚቀመጥ እንቁላል ከፀሐይና ከምድጃ ርቆ በቀዝቃዛ ሥፍራ ይቀመጥ። ብዙ ከቆየው ይልቅም በቅርብ ጊዜ የተጣለው ይመረጥ።

ዶሮዋ ከታቀፈች በኋላ ሥራው በየቀኑ የተከፈለ ነው። በ2ኛው ቀን ልብ መምታት ይጀምራል። በ3ኛውና በ4ኛው ቀን የክንፍና የእግር እንቡጥ ብቅ ይላል። በ8ኛው ቀን ገደማ የላባ ምልክት ይታያል። በ14ኛው ቀን ገደማ ጫጩቱ ጭንቅላቱን ወደ እንቁላሉ ሰፊ ጫፍ ያዞራል። የአጥንቱን ማጠንከሪያ ከቅርፊቱ ይወስዳል። በ20ኛው ቀን የቀረውን አስኳል ወደ ሆዱ አስገብቶ፣ በሰፊው ጫፍ ባለው የአየር ክፍል ውስጥ መተንፈስ ይጀምራል። በ21ኛው ቀን ይወጣል።

ዶሮዋ እንቁላሎቹን በመንቁሯ የምታገላብጠው ሽሉ ከቅርፊቱ ጋር እንዳይጣበቅ ነው። በ7ኛው ቀን በጨለማ ቤት እንቁላሉን ከባትሪ ብርሃን ፊት ብትይዙት፣ ሕይወት ያለው እንቁላል እንደ ሸረሪት ድር የተዘረጉ የደም ሥሮች ያሳያል። ምንም ሥር የማይታይበት አይፈለፈልም።

ይህን ቀን በቀን መከታተል አዲስ ነገር አይደለም። ከ2300 ዓመት በፊት የግሪኩ ሊቅ አሪስቶትል የዶሮ እንቁላል በተለያየ ቀን እየሰበረ ያየውን ጽፏል።

ሕዋስ ሥራውን እንዴት ያውቃል?

የአንድ ጫጩት ሕዋሳት ሁሉ የመጡት ከአንድ ሕዋስ ነው። ታዲያ አንዱን ዓይን ሁን፣ ሌላውን ጥፍር ሁን የሚለው ማን ነው?

በጀርመን አገር ሂልደ ማንጎልድ የተባለች በሃያዎቹ ዕድሜ ላይ የነበረች ተማሪ ይህን ከመምህሯ ከሐንስ ሽፔማን ጋር መረመረች። በውሃ ውስጥ የሚኖር እንሽላሊት መሰል እንስሳ አለ። ሂልደ ከአንዱ ሽል ትንሽ ቁራጭ ወስዳ በሌላው ሽል ሆድ በኩል ተከለችው። ቁራጩን የተቀበለው ሽል ሌላ ሁለተኛ አካል አወጣ፤ መንትያ የተጣበቀበት መሰለ። ሁለተኛው አካል በአብዛኛው የተሠራው ከራሱ ከተቀባዩ ሕዋሳት ነበር። እንግዲህ ትንሿ ቁራጭ ጎረቤቶቿን አዝዛ አሠራቻቸው ማለት ነው። ጽሑፉ በ1924 ታተመ። ሂልደ በዚያው ዓመት ገና በ25 ዓመቷ በቃጠሎ አደጋ ሞተች። መምህሯ በ1935 የኖቤል ሽልማት አገኙ።

ከዚህ የምንረዳው ሕዋስ ሥራውን የሚይዘው ከጎረቤቶቹ በሚደርሰው መልእክት መሆኑን ነው። መልእክቱ ደግሞ በጊዜው መድረስ አለበት። የደቦ ጥሪ አጨዳው ካለቀ በኋላ ቢደርስ ምን ይጠቅማል?

የሰው ልጅም ቀን አለው

ሰውም በእናቱ ማኅፀን የሚያድገው በዚህ ዓይነት ሥርዓት ነው። አንጎልና ኅብለ ሠረሠር የሚሆነው ቱቦ፣ ልጁ ከተፀነሰ በ4ኛው ሳምንት መጨረሻ ተዘግቶ ማለቅ አለበት። በዚያን ጊዜ ብዙ ሴቶች ማርገዛቸውን ገና አላወቁም። ቱቦው ሳይዘጋ ከቀረ ሕፃኑ ጀርባው ተከፍቶ ወይም የራስ ቅሉ ጎድሎ ሊወለድ ይችላል።

አንዳንድ ሰው ይህን እርግማን ይለዋል። እርግማን አይደለም፤ እናቲቱም ጥፋት የለባትም። ከምክንያቶቹ አንዱ ፎሊክ አሲድ የሚባለው ንጥረ ምግብ ማነስ ነው። የእንግሊዝ የሕክምና ምርምር ምክር ቤት በ1991 ያወጣው ጥናት ይህን አሳይቷል። ቀደም ሲል እንዲህ ያለ ልጅ የወለዱ እናቶች ከማርገዛቸው በፊት ጀምረው ፎሊክ አሲድ ሲወስዱ፣ ከ4ቱ ጉዳት 3ቱ ያህል ቀረ። ጎመን፣ ምስር፣ ባቄላና ሽምብራ ይህን ንጥረ ምግብ ይሰጣሉ፤ ክኒኑ ግን ይበልጥ ያስተማምናል። ስለዚህ ልጅ መውለድ የምታስብ ሴት እስክታረግዝ አትጠብቅ። አስቀድማ የጤና ባለሙያ ትጠይቅ።

ሌላ ምሳሌ እንጨምር። እንቁራሪት መጀመሪያ ዓሣ መስላ፣ ጅራት ይዛ በውሃ ውስጥ ትኖራለች፤ እግር የምታወጣው ኋላ ነው። በ1912 ጉደርናች የተባለ ሳይንቲስት ከእንስሳት አንገት ታይሮይድ የሚባለውን እጢ ወስዶ ለእንቁራሪት ግልገሎች አበላ። ግልገሎቹ ከጊዜያቸው ቀድመው እግር አወጡ፤ ጅራታቸውም ጠፋ።

ይኸው እጢ በእኛም አንገት ላይ አለ። ሥራውን የሚሠራው በአዮዲን ነው። አዮዲን ሲያጥር አንገት ላይ እንቅርት ይወጣል። ከእንቅርቱ የሚከፋው ግን ለዓይን የማይታየው ጉዳት ነው። በእርግዝና ጊዜ አዮዲን በጣም ካነሰ የሕፃኑ አንጎል ሳይዳብር ይቀራል። በደጋ አገር ዝናብና ጎርፍ አፈሩን ስለሚያጥበው ከእህሉ የሚገኘው አዮዲን ትንሽ ነው። ስለዚህ ኢትዮጵያ በ2011 ለምግብ የሚውል ጨው አዮዲን እንዲገባበት ደንብ አወጣች። አዮዲን ያለበትን ጨው ክዳን ባለው ዕቃ ከፀሐይና ከእርጥበት ጠብቁት። ወጡ ከእሳት ሊወርድ ሲል ጨምሩት።

የተባይና የበሽታም ቀን አለው

የምንወደውን ነገር ለማሳደግ ቀኑን ማወቅ እንደሚጠቅም ሁሉ፣ የሚጎዳንን ለማጥፋትም ይጠቅማል።

አንበጣን እንውሰድ። እንስቷ እንቁላሏን በእርጥብ አሸዋማ አፈር ውስጥ ትቀብራለች። ከሁለት ሳምንት ገደማ በኋላ የሚወጣው ክንፍ የለውም፤ ኩብኩባ ነው። ኩብኩባ ክንፍ እስኪያወጣ 5 ጊዜ ያህል ቆዳውን ይለውጣል፤ አንድ ወር ገደማ ይፈጅበታል። ክንፍ ካወጣ በኋላ ግን በአንድ ቀን 100 ኪሎ ሜትርና ከዚያም በላይ ይበርራል። በ2019 እና በ2020 በአገራችን ማሳ ላይ የወረደው መንጋ የዚህ ዓይነት ነበር። ታዲያ ለማጥፋት የሚመቸው ቀን የቱ ነው? በእግሩ የሚሄድበት ጊዜ ነው። ሳይቃጠል በቅጠል ማለት ይህ ነው።

ቢልሃርዝያም እንዲሁ ነው። የትሉ እንቁላል ከበሽተኛው ሰው ሰገራ ወይም ሽንት ጋር ወጥቶ ውሃ ውስጥ ይፈለፈላል። የተፈለፈለው በአንድ ቀን ገደማ ውስጥ የሚስማማውን ቀንድ አውጣ ካላገኘ ይሞታል። ካገኘ ግን በቀንድ አውጣው ውስጥ ጥቂት ሳምንታት ተራብቶ ይወጣል፤ ውሃ ውስጥ የቆመውንም ሰው በቆዳው በኩል ይገባበታል። ሰገራ ወንዝ ካልገባ ሰንሰለቱ እዚያው ይበጠሳል። ሽንት ቤት የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

በ1964 የአገራችን ሳይንቲስት ዶክተር አክሊሉ ለማ አድዋ ላይ አንድ ነገር አዩ። ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ በታች ብዙ ቀንድ አውጣዎች ሞተው ተገኙ። ከዚህ ተነሥተው እንዶድ ቀንድ አውጣ እንደሚገድል በምርምር አረጋገጡ። ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር በ1989 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት አገኙ። የእንዶድን ነገር እናቶቻችን ያውቁ ነበር። ሳይንቲስቱ የጨመሩት፣ ያ እውቀት ከበሽታው ሰንሰለት በየትኛው ቀለበት ላይ እንደሚያርፍ ማሳየት ነው።

ተመራቂው የት ይሠራል?

አሁን ወደ ጥያቄያችሁ እንመለስ። ባዮሎጂ የተማረ ሰው ሐኪም አይደለም። ሐኪም ለመሆን የሕክምና ትምህርት ቤት መግባት ያስፈልጋል። ነገር ግን ሌላ ብዙ ሥራ አለው።

አንደኛ፣ ማስተማር ነው። ብዙ ተመራቂዎች የሚገቡት በዚህ ሥራ ነው። የነገው ነርስና የእርሻ ባለሙያ መጀመሪያ ስለ ሕዋስ የሚማረው ከባዮሎጂ መምህር ነው።

ሁለተኛ፣ የእርሻ ምርምር ነው። እንደ ሆለታ ባሉ የምርምር ጣቢያዎች የዕድገት ጥናት ሥራ ላይ ይውላል። ለምሳሌ ከድንች ቡቃያ ጫፍ ትንሽ ቁራጭ ተወስዶ በጠርሙስ ውስጥ ሲያድግ፣ ከበሽታ ነፃ የሆነ ብዙ የድንች ዘር ይገኛል።

ሦስተኛ፣ የዘር ባንክ ነው። በአዲስ አበባ በ1976 የተቋቋመ የዘር ባንክ አለ። የጤፍ፣ የገብስ፣ የማሽላ ዘር በብርድ ክፍል ይጠበቃል። በእያንዳንዱ ፍሬ ውስጥ የተኛ ሽል አለ። እንቁላል በብርድ ዕድገቱን እንደሚያቆም፣ ዘሩም በብርድ ለብዙ ዓመት ይቆያል።

አራተኛ፣ የከብት እርባታ ነው። በቃሊቲ የኮርማ ዘር በብርድ ተጠብቆ ለማዳቀል ይላካል። እዚህም ላይ ሰዓቱ ዋና ነገር ነው። ላም ጠዋት ኮርማ ስትፈልግ ከታየች ወደ ማታ፣ ማታ ከታየች በማግሥቱ ጠዋት ትዳቀል። ከሁሉ ቀድሞ ይህን የሚያየው እረኛው ስለሆነ ቶሎ ይናገር።

አምስተኛ፣ የጤና ምርምርና ላቦራቶሪ ነው። ዶክተር አክሊሉ የመሠረቱት የምርምር ተቋም በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ዛሬም በስማቸው ይጠራል። በውጭ አገርም ምሳሌ አለ። በእንግሊዝ አገር ሮበርት ኤድዋርድስ የተባሉት የባዮሎጂ ሰው ከሐኪሙ ከፓትሪክ ስቴፕቶና ከነርሷ ከጂን ፐርዲ ጋር ሠርተው፣ በ1978 ከማኅፀን ውጭ የተፀነሰች የመጀመሪያዋ ሕፃን ተወለደች። መካን ተብለው የተናቁ ብዙ ባልና ሚስት ከዚያ ወዲህ ልጅ አቅፈዋል። ኤድዋርድስ ሐኪም አልነበሩም፤ በ2010 ግን የኖቤል የሕክምና ሽልማት ተሰጣቸው።

ስድስተኛ፣ የዱር አራዊት ጥበቃ ነው። በሰሜን ተራሮች ዋልያውን የሚቆጥርና ግልገሎቹን የሚከታተል ባለሙያ ያስፈልጋል።

እውነቱን ሳንደብቅ እንናገር። ባዮሎጂ የተመረቀ ሁሉ በማግሥቱ ሥራ ያገኛል ማለት አይደለም። ለምርምር ሥራ አብዛኛውን ጊዜ ተጨማሪ ዓመት መማር ያስፈልጋል። ሀብት ፈልጎ ብቻ የሚገባበት ሰው ቶሎ ይሰለቻል። ነገር ግን እንስሳ ሲወለድ ጠጋ ብላ የምታይ፣ ዘር ሲበቅል እየቆፈረች ሥሩን የምትመለከት፣ «ለምን?» እያለች የምታስቸግር ልጅ ካለቻችሁ፣ አትቆጧት። ለዚህ ትምህርት የሚያስፈልገው ይኸው ጠባይ ነው።

ገበሬ የማረሻውን፣ የመዝሪያውንና የማረሚያውን ቀን ያውቃል። ቀኑ ካለፈ ጉልበት እንደማይመልሰውም ያውቃል። የዕድገት ጥናትም ይህን እውቀት ዓይን ወደማያየው ሥፍራ፣ ወደ ቅርፊቱ ሥርና ወደ ማኅፀን ውስጥ ያደርሰዋል። ባዮሎጂ የተማረ ሰው ሥራው ያን ቀን ፈልጎ ማግኘትና ሳያልፍ ለእናንተ መንገር ነው።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. በተለያየ ቀን የተጣሉ እንቁላሎች አብረው የሚፈለፈሉት ለምንድን ነው?
2. ፎሊክ አሲድ ከእርግዝና በፊት መጀመር ያለበት ለምንድን ነው?
3. አዮዲን ያለበትን ጨው በቤታችሁ እንዴት ታስቀምጡታላችሁ?
4. በአካባቢያችሁ እህል የሚያጠፋው ተባይ የትኛው ነው? በየትኛው ዕድሜው ቢያዝ ይቀላል? ተነጋገሩበት።