ባሕርም ደጋና ቆላ አለው

ከአገራችን ገበሬዎች ማንኛቸውም ቢጠየቁ፤ ገብስ የሚስማማውን ደጋና ማሽላ የሚስማማውን ቆላ ለይተው ያውቃሉ። ከፍታ ባልተመለከተበት ካርታ ላይ ግን ሁለቱ አንድ ይመስላሉ። ባሕርም እንደዚሁ ነው፤ ልዩነቱ የባሕር ደጋና ቆላ የሚለካው ወደ ታች መሆኑ ነው።

ይህን ያነሣነው ስለ ጄሊፊሽ ለመናገር ነው። ጄሊፊሽ በእንግሊዝኛ ስሙ ዓሣ ይባል እንጂ ዓሣ አይደለም፤ አጥንት፤ ልብና አንጎል የሌለው፤ ከአካሉም ከመቶ 95 እጅ ያህሉ ውሃ የሆነ ፍጥረት ነው። ሆኖም የዓሣ ዕንቁላልና ጫጩት ስለሚበላ፤ የዓሣውንም ምግብ ስለሚሻማ፤ እጅግ በበዛበት ሥፍራ ዓሣ አጥማጁ ይጎዳል።

በጀርመን አገር በብሬመርሃቨን ከተማ የሚገኘው የአልፍሬድ ቬገነር ተቋም ሊቃውንት፤ በሰሜን ዋልታ ውቅያኖስ የሚኖሩ 8 ዓይነት ጄሊፊሾች ወደፊት የት እንደሚገኙ በኮምፒዩተር አስልተው ውጤቱን በ2016 ዓ.ም. አውጥተዋል። የሥራውም መንገድ እንዲህ ነው። በመጀመሪያ እያንዳንዱ ዓይነት የትና በስንት ሜትር ጥልቀት እንደ ተገኘ ይመዘገባል። ቀጥሎም የሚስማማው የውሃ ሙቀትና ሌላውም ጠባይ ይጠናል። በመጨረሻ የአየር ጠባይ ሲለወጥ እንዲህ ያለው ውሃ ወዴት እንደሚሄድ ይሰላል።

ጥልቀት የተጨመረበት ምክንያት ግልጽ ነው። በዚያ ውቅያኖስ ላይኛው ውሃ እንደ በረዶ ይቀዘቅዛል፤ ከሥሩ ከአትላንቲክ የገባ ሞቅ ያለ ውሃ ይገኛል፤ ከዚያም በታች እንደገና ብርድ ነው። በአንድ የካርታ ነጥብ ላይ ሦስት አገር ተደራርቧል ማለት ነው።

በስሌቱ መሠረት፤ በዚህ ምዕት ዓመት ሁለተኛ አጋማሽ ከ8ቱ 7ቱ መኖሪያቸውን ወደ ዋልታው ያሰፋሉ፤ የአንበሳ ጎፈር የሚባለውም ዓይነት መኖሪያው ወደ ሦስት እጥፍ ሊጠጋ ይችላል። ስሚንቴያ አርክቲካ የተባለው የጥልቅ ውሃ ነዋሪ ግን ብርዱን ተከትሎ ይበልጥ ወደ ታች መሸሽ ስለሚኖርበት መኖሪያው በጥቂቱ ይጠብበታል።

ነገር ግን ስሌት ከመዝገብ አይበልጥም። የጄሊፊሽ ገላ በመረብ ሲያዝ ስለሚበጣጠስ ብዙ ጊዜ ሳይቈጠር ይቀራል። ዛሬ ወደ ጥልቁ የሚወርዱ ካሜራዎች ቢረዱም፤ በበረዶ ከተሸፈነው ባሕር ገና ያልታየው ይበዛል። መዝገቡ ዝም ያለበት ሥፍራ ሁሉ ባዶ አይደለም፤ ወርዶ ያየው ሰው አልተገኘ ይሆናል።

ስለዚህ ዛሬም ሆነ ነገ በጠረጴዛ ላይ ካርታ ዘርግተን ስለ ውሃ፤ ስለ መሬትና ስለ ሕዝብ የምንወስን ወጣቶች፤ ከመፈረማችን በፊት ሁለት ነገር መጠየቅ ይገባናል። ይህ ካርታ ከፍታውንና ጥልቀቱን ይዟልን? ባዶ ነው ያለንንስ ሥፍራ ሄዶ ያየው አለን?