ያልነዳነው ሰዓት ገንዘብ የማን ነው?

ጉድ ስሙልኝ! ሦስት ቀን ስብሰለሰልበት የነበረ ነገር ትናንት ማታ በራልኝ፤ ለእናንተ ሳልናገር ማደር አልቻልኩም።

እዚህ እንግሊዝ አገር መኪና መንዳት ለመማር አስርም ሃያም ሰዓት አስቀድመን እንከፍላለን። መሃል ላይ ብናቆም ያልተማርንበት ሰዓት ገንዘብ የማን ነው? ሁላችንም «የትምህርት ቤቱ ነዋ! አንዴ ከተከፈለ ተከፈለ» ብለን ነው የኖርነው። እንደዚያ አይደለም!

ነገሩ የጀመረው በአክስቴ ልጅ ነው። ለአንድ የመንጃ ትምህርት ቤት ደውላ ሃያ ሰዓት ገዛች። ነጠላው ሰዓት 38 ፓውንድ ነው፤ ሃያውን በአንድ ጊዜ ለሚከፍል ግን 35 ያደርጉለታል። 700 ፓውንድ ከፈለች። ስድስት ሰዓት እንደተማረች የሥራ ፈረቃዋ ተቀየረና ለትምህርቱ ጊዜ አጣች። ማቆም እፈልጋለሁ ስትላቸው «ውሉ ላይ ተጽፏል፤ የተከፈለ ገንዘብ አይመለስም» አሏት። እኛ ዘንድ ፊርማ ከባድ ነገር አይደል? እሷም ፈርሜያለሁ ብላ ዝም አለች። ዝም ማለት ያቃተኝ እኔ ነኝ።

እንግዲህ መጀመሪያ ቀን ቁጠሩ። የተዋዋላችሁት በስልክ ወይም በኢንተርኔት ከሆነ፣ እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣው የሸማቾች ውል ደንብ 14 ቀን የማሰቢያ ጊዜ ይሰጣችኋል። በእነዚህ ቀናት ውስጥ «ትቼዋለሁ» ካላችሁ ለምን ብሎ የሚጠይቃችሁ የለም። በስልክ የገዛ ሰው እኮ መኪናውን አላየም፣ የአሰልጣኙን ጠባይ አያውቅም፤ ጫማ ሳይለካ ገንዘብ እንደሰጠ ሰው ነው። ሕጉ «እስቲ እግርህን አስገብተህ እየው» ይለዋል። ቢሮአቸው ድረስ ሄዶ እዚያው የተዋዋለ ሰው ግን ይህን 14 ቀን እንዲሁ አያገኝም። ደግሞ በ14ቱ ቀን ውስጥ ራሳችሁ «አሁኑኑ እንጀምር» ብላችሁ ሁለት ሰዓት ብትማሩ፣ የሁለቱን ሰዓት ትከፍላላችሁ። የቀረው፣ መተዋችሁን ካስታወቃችሁ በኋላ በ14 ቀን ውስጥ ይመለስላችኋል።

አሁን ይህችን ስሙ፤ እኔ ሳነባት ከወንበሬ ነው የተነሳሁት። ይህ የመተው መብት እንዳላችሁ ትምህርት ቤቱ ካልነገራችሁ፣ ጊዜው ተጨማሪ እስከ 12 ወር ድረስ ይለጠጣል! አስራ ሁለት ወር! ስለዚህ ስትገዙ የላኩላችሁን ኢሜይል ፈልጋችሁ አንብቡት፤ ስለ መተው መብት የሚለው ነገር አለ ወይስ የለም?

ለአክስቴ ልጅ ግን በጽሑፍ ነግረዋታል፣ 14ቱም ቀን ካለፈ ቆይቷል። ሦስት ቀን የፈጀብኝም ይኸው ነው፤ ከ14 ቀን በኋላስ?

ልብስ ሰፊ ዘንድ እንሂድ። ሃያ ቀሚስ እንዲሰፋላችሁ የሃያውን ዋጋ ከፈላችሁ እንበል። ስድስቱን ሰፍቶ አስረከባችሁ። ሰባተኛውን ጨርቅ ቆርጦ መስፋት ሊጀምር ሲል ደረሳችሁና «በቃኝ» አላችሁ። የስድስቱ ዋጋ የእሱ ነው፤ ሠርቷል። የሰባተኛውም የእሱ ነው፤ ጨርቁ ተቆርጧል፣ ለዚያ ሰዓት ሌላ ሥራ አልያዘም። አስራ ሦስቱ ግን? ጨርቁ እንደታጠፈ መደርደሪያ ላይ ተቀምጧል። መርፌ አልነካውም። በሩ ላይ ደግሞ ሌሎች ሰዎች ጨርቃቸውን ይዘው ተሰልፈዋል። የአስራ ሦስቱን ቀሚስ ገንዘብ በምን አንጀቱ ነው የሚያስቀረው?

እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣው የሸማቾች መብት ሕግ የሚለው ይህንኑ ነው! ሚዛን አዛብቶ ሸማቹን የሚጎዳ የውል አንቀጽ፣ ቢፈረምበትም፣ ሸማቹን አያስገድድም። ቢፈረምበትም! ሕጉ አጠራጣሪ የሆኑ አንቀጾችን በምሳሌነት ይዘረዝራል። ከዝርዝሩ አንዱ ሸማቹ ሲያቋርጥ ነጋዴው የተከፈለውን ሁሉ የሚያስቀርበት፣ ነጋዴው ራሱ ሲያቋርጥ ግን ለሸማቹ ያንኑ ያህል የማይክስበት አንቀጽ ነው። በእርግጥ እያንዳንዱ ውል በራሱ ነው የሚመዘነው፣ ካልተስማማችሁም የመጨረሻው ቃል የፍርድ ቤት ነው። እኔ ግን ወዲያው የልጅቱን ውል ገልብጬ አየሁት። እሷ ብታቆም 700ው ይቀራል። እነሱ ቢያቆሙስ? አንድ መስመር እንኳ የለም።

ታዲያ ነጋዴው ምን ያህል ማስቀረት ይችላል? በእናንተ ማቋረጥ የደረሰበትን እውነተኛ ኪሳራ ያህል ነው። ያተረፈው ነዳጅ ይቀነሳል፤ ሰዓቱን ለሌላ ተማሪ ከሸጠው ወይም በቀላሉ መሸጥ ሲችል ከተወው፣ እሱም ይቀነሳል።

እዚህ ላይ ነው የበራልኝ። ልጅቱን በስልክ ቀስቅሼ «ስትመዘገቢ ምን ብለውሽ ነበር?» አልኳት። «ወረፋው ረጅም ነው፤ ሁለት ወር ትጠብቂያለሽ አሉኝ» አለችኝ። ሁለት ወር! ያውላችሁ፣ በር ላይ የተሰለፉት ሰዎች! እሷ የለቀቀችውን ሰዓት የሚወስድ ተማሪ ሞልቷል፤ ይህንንም የተናገሩት ራሳቸው ናቸው። ታዲያ ኪሳራው የቱ ላይ ነው?

ሂሳቡን አብረን እናስላው። እሷ የተማረችው ስድስት ሰዓት ነው። የመጨረሻውን ቀጠሮ ደግሞ በዋዜማው ነው የሰረዘችው፤ ውሉ የ48 ሰዓት ማስታወቂያ ይጠይቃል። በአንድ ሌሊት ሌላ ተማሪ ማግኘት ስለሚከብድ ይህ አንቀጽ ለእኔ ፍትሐዊ ነው። ስለዚህ ሰባት ሰዓት። በ35 ወይስ በ38? የ35ቱ ዋጋ ሃያውን ለሚጨርስ የተደረገ ቅናሽ ነው፤ ውሉም ያቋረጠ ሰው የወሰደውን ሰዓት በነጠላ ዋጋ እንደሚከፍል በግልጽ አስቀምጧል። ይህንንም ተቀበልነው። ሰባት ጊዜ 38፣ 266። ከ700 ላይ ሲነሳ 434 ፓውንድ!

ልብ በሉ፣ ይህ ሁሉ ያለ ማንም ጥፋት ስታቆሙ ነው። አሰልጣኙ በየጊዜው እየቀረ ካስቸገራችሁ ወይም ሙሉ ፈቃድ ያለው አሰልጣኝ ይመጣል ተብላችሁ ሰልጣኝ ከተላከላችሁ፣ ጉልበታችሁ ከዚህም ይበረታል። የመኪናውን የፊት መስታወት እዩ፤ አረንጓዴው ባጅ የሙሉ ፈቃድ ነው፣ ሮዙ የሰልጣኝ።

ደረሰኙ ላይ ያለውን ስምም ተመልከቱ፤ ብዙ አሰልጣኞች የትምህርት ቤቱን ስም መኪናቸው ላይ ለጥፈው ለራሳቸው የሚሠሩ ናቸውና ገንዘቡን የምትጠይቁት ከእናንተ ጋር የተዋዋለውን ነው። ከዚያ በምን እንደከፈላችሁ አስታውሱ። ዋጋው ከ100 ፓውንድ በላይ ሆኖ ከፊሉን እንኳ በክሬዲት ካርድ ከከፈላችሁ፣ እ.ኤ.አ. የ1974ቱ የሸማቾች ብድር ሕግ አንቀጽ 75 ውሉ ሲፈርስ ካርዱን የሰጣችሁን ድርጅት ከሻጩ እኩል ተጠያቂ ያደርገዋል። ትምህርት ቤቱ ተዘግቶ ቢጠፋ እንኳ! በዴቢት ካርድ ከሆነ ባንካችሁን ክፍያውን እንዲያስመልስላችሁ ጠይቁ፤ ያ የካርድ ድርጅቶች ደንብ እንጂ ሕግ ስላልሆነ አትዘግዩ። ሁሉም እምቢ ካለ ሲቲዝንስ አድቫይስ በነጻ ያማክራል። በእንግሊዝና በዌልስ እስከ 10,000 ፓውንድ ያለ ክርክር ደግሞ ያለ ጠበቃ በትንንሽ ጉዳዮች ችሎት ሊቀርብ ይችላል።

ትናንት ማታ ኢሜይሉን አብረን ጻፍነው። አጭር ነው፤ መቼ እንደተዋዋለች፣ ስንት ሰዓት እንደተማረች፣ ስለ ወረፋው ምን እንዳሏት፣ ሂሳቡ፣ እና በ14 ቀን ውስጥ 434 ፓውንድ እንዲመልሱላት። ከመላካችን በፊት ልፈትናት ብዬ «ሰባተኛውን ሰዓት ለምን ትተዪላቸዋለሽ? አልተማርሽበትም እኮ» አልኳት።

«እሱማ ጨርቁ ተቆርጧል» አለችኝ።