የመጸው አትክልት ከነቀለሙ

ከመስከረም 26 እስከ ታኅሣሥ 25 የሚዘልቀው መጸው የጽጌና የነቢያት ጾም የሚገቡበት ወቅት ነው። ክረምቱ ካለፈ በኋላ ዱባ፣ ጎመን፣ ካሮትና ቀይ ሥር በገበታ ላይ ይበረክታሉ። የገበታውን ውበት የሚወስነው አበሳሰሉ ነው።

ቀይ ሥር ሳይላጥና ሥሩ ሳይቆረጥ ይቀቀላል፤ አለዚያ ቀለሙ ውኃው ውስጥ ይቀራል። ከበሰለ በኋላ ተልጦ ይከተፋል፤ ሎሚ ሲጨመቅበት ቅላቱ ይደምቃል። ከድንችና ከካሮት ጋር የሚደባለቀው ሊቀርብ ሲል ነው፤ ቀድሞ ከተቀላቀለ ሁሉንም ያቀላል። ጎመን ግን ሎሚም ረጅም እሳትም አይወድም፤ አረንጓዴነቱ ይደበዝዛል። በትንሽ ውኃ ፈጥኖ መብሰል አለበት።

ዱባና ካሮት ደማቅ መልካቸውን ያገኙት ሰውነት ወደ ቫይታሚን ኤ ከሚለውጠው ቤታ ካሮቲን ነው። ይህ ንጥረ ነገር የሚሟሟው በቅባት ስለሆነ፣ በዘይት የተሠራ ዱባ በውኃ ብቻ ከተቀቀለው ይበልጥ ይጠቅማል። ለዱባ ወጥ ሽንኩርቱ በደንብ ይቁላላል፤ ነጭ ሽንኩርትና በርበሬ ይከተላሉ። ዱባው ራሱ ውኃ ስለሚያወጣ ብዙ ውኃ አይጨመርበትም። ወርቃማ መልኩ እንዲታይ ከተፈለገ ግን በርበሬው ቀርቶ በእርድ የተሠራው አልጫ ይመረጣል።