የወንዝ ዳር ቦታ፤ ካርታ አለው፣ አይገነባበትም

ደላላ ቦታ ሲያሻሽጥ ወንዝ ዳር መሆኑን እንደ ጌጥ ይቆጥረዋል። አየሩ ነፋሻ ነው፣ ከጀርባ ጎረቤት የለውም እያለ ዋጋውን ከፍ ያደርጋል። የናይሮቢ ገበያ ግን ይህ ጌጥ ወደ ዕዳ የተለወጠበትን ጊዜ አይቷል።

እ.ኤ.አ. በኦገስት 2018 በኪሌሌሽዋ ሰፈር አንድ ነዳጅ ማደያና አጠገቡ የነበረ ካፌ በዶዘር ፈረሱ። በቀናት ልዩነት ውስጥ በላንጋታ መንገድ ላይ የነበረው ሳውዝ ኤንድ የገበያ ማዕከልና በዌስትላንድስ የነበረው ዩኬይ ሴንተር ተከተሉ። ክሱ አንድ ዓይነት ነበር፤ ለወንዙ ዳርቻ ዕፅዋት መተው የሚገባውን መሬት ይዘው ተሠርተዋል የሚል ነው። በከተማዋ በዚሁ ምክንያት ይፈርሳሉ ተብለው የተቆጠሩት ግንባታዎች 4,000 ያህል ነበሩ። ካርታና የግንባታ ፈቃድ አለን ያሉ ባለንብረቶች ቢኖሩም ዶዘሩን አላቆመላቸውም።

ሜትሩ ከየት ይጀምራል?

በወቅቱ ይሠራበት የነበረው የ2007 የኬንያ የውሃ ሀብት ደንብ ስሌቱ ቀላል ነው። በወንዙ ግራና ቀኝ የሚተወው መሬት ከወንዙ ስፋት ጋር እኩል ይሆናል፤ ነገር ግን ከ6 ሜትር አያንስም፣ ከ30 ሜትር አይበልጥም። ወንዙ 4 ሜትር ቢሰፋ 6 ሜትር፣ 15 ሜትር ቢሰፋ 15 ሜትር፣ 50 ሜትር ቢሰፋ 30 ሜትር ይተዋል ማለት ነው። በዚያ ክልል ማረስ፣ አገር በቀል ዛፍ መመንጠር፣ ቆሻሻ መድፋትና ቋሚ ግንባታ ማቆም ተከልክሏል።

ጭቅጭቁ ያለው መነሻው ላይ ነው። የውሃው ደንብ ሜትሩን ከወንዙ አፋፍ ጀምሮ ሲቆጥር፣ የ2006ቱ የውሃ ጥራት ደንብ ደግሞ ጎርፍ ደርሶበት ከሚያውቀው ከፍተኛ ወለል ይነሳ ነበር። ቁጥሩ ያው ሆኖ ሳለ በአንዱ ሕግ ነጻ የሆነው ግድግዳ በሌላው ጥፋተኛ ሊሆን ይችላል።

ሌላው ለገዢ የሚጠቅመው ነጥብ፣ ደንቡ ባለቤትነትን አይነጥቅም፤ አጠቃቀምን ይገድባል። መሬቱ በስምህ ይቆያል፣ ግን አትገነባበትም። ወደ ሒሳብ ሲመነዘር፣ 25 ሜትር የወንዝ ፊት ያለው 1,000 ካሬ ሜትር ቦታ 12 ሜትር ከሚሰፋ ወንዝ ጋር ቢዋሰን 300 ካሬው ይታገዳል። ለ1,000 ካሬ የከፈለ ሰው በ700 ካሬ ብቻ ስለሚሠራ እያንዳንዱን ካሬ 43 በመቶ አስወድዶ ገዝቷል ማለት ነው።

ገደቡ ያለ ምክንያት አልመጣም። የዳርቻው ሣርና ዛፍ ሥር አፈሩን ይይዛል፣ የጎርፉን ፍጥነት ይቀንሳል፣ ደለልና ቆሻሻን ወንዙ ሳይገባ ያስቀራል። ያ ቦታ በሲሚንቶ ሲሞላ ውሃው የሚያርፍበት ያጣና ወደ ቤት ይገባል። በ2024 ከማርች እስከ ሜይ በኬንያ የወረደው ዝናብና ጎርፍ ከ200 በላይ ሰዎችን ገድሏል። መንግሥት በወንዝ ዳር በ30 ሜትር ውስጥ ያሉት እንዲለቁ አዝዞ በማታሬና በሙኩሩ መንደሮች ቤቶች ፈረሱ። ለተጎዳ ቤተሰብ ተስፋ የተሰጠው 10,000 ሽልንግ ነበር። የገበያ ማዕከል ባለቤት ጠበቃ ያቆማል፤ የቆርቆሮ ቤት ተከራይ ግን ዕቃውን ተሸክሞ ከመውጣት በቀር ምርጫ አልነበረውም።

ወደ አገር ቤት ሲመጣ

የኢትዮጵያ የውሃ ሀብት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 197/1992 ለተቆጣጣሪው አካል ተመሳሳይ ሥልጣን ይሰጣል። ከውሃ አካል ጋር የሚዋሰነውን መሬት መከለል፣ በክልሉ ውስጥ ዛፍና ዕፅዋት እንዳይመነጠር፣ መኖሪያ ቤትም እንዳይሠራ መከልከል ይችላል። በ2011 ዓ.ም. የተጀመረው 56 ኪሎ ሜትር የሚሸፍነው የአዲስ አበባ የወንዝ ዳርቻ ፕሮጀክት ደግሞ የከተማው ዓይን ወደ ወንዞቹ መዞሩን አሳይቷል።

ስለዚህ ቀብድ ከመከፈሉ በፊት ካርታውን ብቻ ማየት አይበቃም። የዳርቻው ወሰን የት እንደሆነ በጽሑፍ መጠየቅ፣ በክረምት ውሃው እስከ የት እንደሚደርስ የሰፈሩን ሰው ማነጋገር፣ ዋጋውንም በሚገነባበት ካሬ ልክ መደራደር ያዋጣል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባል የለ።