ጄኔሬተሩ ኮምቦልቻ ሠራ፣ ደሴ ላይ ታነቀ

ዛሬ የጤፍና የስንዴ ዋጋ ይቆየን። ስለ እሳት እናውራ። ብዙዎቻችሁ በውስጥ መስመር "እንጨት፣ መብራት ወይስ ጄኔሬተር?" እያላችሁ ትጠይቁኛላችሁ። ጥያቄው የኔም ቤት ጥያቄ ነው።

ታላቅ እህቴ ደሴ ቧንቧ ውሃ አካባቢ ዳቦ ቤት አላት። አምስት ሰው በሥሯ ያድራል። አምና አንድ ምሽት መብራት ሄደ። አብሽር አልኳት፤ ከኮምቦልቻ ያገለገለ ጄኔሬተር ገዝቼላት ነበራ! ኮምቦልቻ ስንሞክረው ማቡኪያውንም ትንሿን የኤሌክትሪክ ምድጃም አንድ ላይ ይዞ እንደ ጉድ ሠርቷል። ደሴ ሲደርስ ግን ጥቁር ጭስ እየተፋ ታነቀ። የሁለት ኩንታል ሊጥ ኮምጥጦ አደረ።

ምክንያቱን ኋላ ነው የተረዳሁት። ኮምቦልቻ ከባሕር ወለል በላይ 1,850 ሜትር ገደማ ነች፣ ደሴ 2,500 ገደማ። ከፍ ባልን ቁጥር አየሩ ይሳሳል፣ ሞተሩም ነዳጁን በደንብ አያቃጥልም። ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ100 ሜትሩ ከአቅሙ 1 በመቶ አካባቢ ያጣል። ስለዚህ 20 ኪሎዋት ተብሎ የተጻፈበት ጄኔሬተር ደሴ ላይ 16 ቢሰጥ ነው። ማቡኪያው ደግሞ ሲነሳ ለጥቂት ሰከንድ ከመደበኛው አምስት ስድስት እጥፍ ይስባል። ደሴ የምትሠሩ ሰዎች፣ የምትገዙትን ጄኔሬተር ደሴ ላይ ጭነት አስነሥታችሁ ሳትሞክሩ ብር እንዳትቆጥሩ።

ከዚያ በኋላ እህቴ ቆረጠች። "የጡብ ምድጃውን አፍርሼ ሙሉ በሙሉ በኤሌክትሪክ ልሥራ፤ ቤቱን አስይዤ እበደራለሁ" አለች። እኔም "እትዬ፣ መጀመሪያ እንመዝን" አልኳት። ሁለት ሳምንት መዘንን። አንድ ኩንታል ዱቄት ጋግሮ ለማውጣት በኛ ቤት ይሄን ይፈጃል፦

🔹 ደረቅ ባሕር ዛፍ፦ 80 ኪሎ ገደማ። እርጥብ ከሆነ 130 ያልፋል።
🔹 መብራት፦ 50 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ።
🔹 ያንኑ 50 ኪሎዋት ሰዓት በጄኔሬተር ብናመነጭ፦ 17 ሊትር ናፍጣ። አንድ ሊትር የሚሰጠው 3 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ነው።

አሁን እናንተ በሰፈራችሁ ዋጋ አባዙት። የናፍጣው ብቻውን ያስደነግጣል። የመንግሥት ድጎማ መነሳት በጀመረበት በሰኔ 2014 መጨረሻ አዲስ አበባ ላይ አንድ ሊትር 49 ብር ነበር። በታኅሣሥ 2017 መጨረሻ 99 ብር ገባ። በዚያ ዋጋ እንኳ ለአንድ ኩንታል ዱቄት ከ1,600 ብር በላይ ነው፤ ዘይትና ፊልትሮ ሳይቆጠር፣ የጅቡቲ መንገድና የዶላሩ ነገርም ሳይነሳ። ስለዚህ ምድጃ በጄኔሬተር ማሞቅ ብር ማቃጠል ነው።

የመብራቱን ዋጋ ለማወቅ የወሩን ጠቅላላ ክፍያ ለተጠቀማችሁት ኪሎዋት ሰዓት አካፍሉት። ከመስከረም 2017 ጀምሮ ታሪፉ በየሦስት ወሩ ለአራት ዓመት እየጨመረ እንዲሄድ ተወስኗል። ስለዚህ የአምስት ዓመት ብድር የሚወስድ ሰው በዛሬው ቢል ብቻ ማስላት የለበትም። ያም ሆኖ ከናፍጣው ጋር የሚወዳደር አይደለም።

እንጨት ደግሞ በሸክም ወይም በመኪና አትግዙ፣ አስመዝኑ። እርጥብ ባሕር ዛፍ መግዛት ውሃ በእንጨት ዋጋ መግዛት ነው። በበጋ ገዝቶ ቆርጦ በጥላ የከመረ ሰው ክረምት ላይ ይስቃል።

"ሶላርስ?" ለምትሉ፣ ለመብራት፣ ለስልክና ለሒሳብ ማሽን ጥሩ ነው። ለምድጃ ግን አይሆንም፤ ዳቦ የሚጋገረው ከሌሊቱ 9 ሰዓት ነው፣ ፀሐይዋ ደግሞ ያን ጊዜ ተኝታለች። ማታ የሚያሠራ ባትሪ ከምድጃው በላይ ዋጋ ያወጣል።

ታዲያ ምን ወሰንን? የጡብ ምድጃው አልፈረሰም። እህቴ ራሷ ናት ያስታወሰችኝ። በ2014 ጥቅምትና ኅዳር ጦርነቱ ደሴ ሲገባ መብራት አልነበረም፣ ናፍጣም አልነበረም። ዳቦ የወጣው ከዚያ ምድጃ ነው። "እሱን አፍርሼ በምን ፊቴ?" አለች። ቤቱ አልተያዘም፤ ከዕቁብ በደረሳት ብር መካከለኛ የኤሌክትሪክ ምድጃ ጎን ለጎን አስገባች። መብራት ሲኖር በሱ፣ ሲጠፋ በጡቡ። ጄኔሬተሩ ማቡኪያውንና አምፖሉን ብቻ ይይዛል፤ ለዚያ ደሴም ላይ አይታነቅም።

ኮምቦልቻ ላይ ያላችሁ ግን ይሄን እንዳለ አትቅዱ። ጄኔሬተራችሁ ከኛ የተሻለ ይሰጣችኋል፣ ሙቀቱ ግን ሊጥ አያስጠብቅም። የደሴ ብርድ አንድ ሰዓት የሚታገሰውን ሊጥ የኮምቦልቻ ቀትር ያኮመጥጠዋል። ብየዳና እንጨት ሥራ ላይ ያለ ሰው ደግሞ ሞተሩን በማገዶ አያዞርም። እሱ ማስላት ያለበት በወር ስንት ሰዓት መብራት እንደሚጠፋ ነው። የጠፋበትን ሰዓት አንድ ወር ደብተር ላይ ይጻፍ፣ ያኔ ጄኔሬተር ይግዛ አይግዛ ቁጥሩ ራሱ ይነግረዋል።

በናንተ ቤት ለአንድ ኩንታል ስንት ይፈጃል? መዝናችሁ ላኩልኝ፣ ሰብስቤ እለጥፈዋለሁ። የስንዴና የጤፍ ዋጋ ማታ ይለቀቃል። ለዳቦ ጋጋሪ ወዳጆቻችሁ ሼር አድርጉ 🙏