ማሩም ስኳሩም ወደ አንድ ጉበት

እናቴ የስኳር ሕመምተኛ ናት። ቡናዋን ያለ ስኳር መጠጣት ከጀመረች ቆይታለች፤ ማር ግን አልተወችም። «ማር እኮ መድኃኒት ነው ልጄ፤ የሚጎዳው የፋብሪካው ነው» ትለኛለች። ቅዳሜ በጂንካ ገበያ ከአሪ ተራሮች የወረደ ማር የሚሸጡትም የሚገዙትም ብዙዎቹ እንደ እሷ ያምናሉ። የባዮሎጂ መምህር ነኝና ይህን በዝምታ ማለፍ አይሆንልኝም።

የፋብሪካው የምትለውም ከእኛ ሩቅ አይደለም። ጥር 2003 ዓ.ም. የአርብቶ አደሮች ቀን እዚሁ ጂንካ ሲከበር፣ ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ በኦሞ ሸለቆ ሊካሄድ የታሰበውን የስኳር ልማት አስታወቁ። በዚሁ ሸለቆ አርብቶ አደሮቹ ቦዲዎች ከብት ያሰማሩበት በነበረው የሰላማጎ ምድር አሁን ሸንኮራ ይበቅላል። የመሬቱ ጉዳይ ራሱን የቻለ ከባድ ነገር ነው፤ እኔ ስለ ስኳሩ ልናገር። ነጩ ስኳር ሱክሮስ ነው፤ አንድ ግሉኮስና አንድ ፍሩክቶስ የተጣመሩበት። ጥምረቱን ትንሹ አንጀታችን ይፈታዋል። ማር ላይ ግን ንቧ ቀድማናለች፤ ከአበባ የቀሰመችውን ሱክሮስ በራሷ ኢንዛይም ፈትታ ነው ቀፎ ውስጥ የምታኖረው። ስለዚህ ማር ከውኃው በቀር በአብዛኛው እነዚያው ግሉኮስና ፍሩክቶስ ነው። ወደ ደም ሲገቡ የትኛው ከቀፎ፣ የትኛው ከፋብሪካ እንደመጣ አንጀት አይለይም።

ወተትም ስኳር አለው፤ ላክቶስ ይባላል፤ ሲፈታ ግሉኮስና ጋላክቶስ ይሆናል። የቦዲ ወንዶች ካኤል ለሚባለው በዓላቸው ለወራት ወተትና ደም እየጠጡ ሲወፍሩ፣ ሰውነታቸው ስኳሩን እያነደደ የወተቱን ቅባት ያጠራቅማል።

ሳይበላ ያደረ ጤነኛ ጎልማሳ በደሙ ሁሉ የሚዘዋወረው ግሉኮስ 4 ወይም 5 ግራም፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ያህል ነው። አንድ ጠርሙስ ለስላሳ ደግሞ 30 ግራም ገደማ ስኳር ይዟል። ይህ ሁሉ ደም ውስጥ እንዳይከማች ቆሽት ኢንሱሊን ይረጫል፤ በኢንሱሊን ትእዛዝ ጡንቻ ግሉኮሱን ይወስዳል፣ ጉበትም ግላይኮጅን አድርጎ ያስቀምጣል። ጉበት ወደ 100 ግራም፣ ጡንቻ ወደ 400 ግራም ይይዛሉ። ሌሊት ስንተኛ አንጎላችን አይተኛም፤ በቀን 120 ግራም ገደማ ግሉኮስ ይፈልጋል፤ ያኔ ጉበት ካስቀመጠው ይለቅለታል። ሕዋስ ውስጥ የገባው ግሉኮስ መጀመሪያ ለሁለት ይከፈላል፤ ከዚያ ማይቶኮንድሪያ በኦክስጅን አቃጥሎ ጉልበት ያወጣበታል። ጠዋት ሻይ ውስጥ የጨመርነው ስኳር ካርቦኑ በትንፋሻችን ይወጣል ብዬ ስነግራቸው ተማሪዎቼ ሁልጊዜ ይደነቃሉ፤ እኔም እስከ ዛሬ ይደንቀኛል።

ፍሩክቶስ መንገዱ ሌላ ነው። ኢንሱሊን አይጠብቅም፤ አብዛኛው በቀጥታ ጉበት ላይ ያርፋል። ጉበት ከፊሉን ግሉኮስ ያደርገዋል፤ በየቀኑ ከልክ በላይ ከመጣበት ደግሞ ወደ ስብ ይለውጠዋል። «የማር ጣፋጭነት እንደ ፍራፍሬ ስለሆነ አይጎዳም» የሚሉኝን የምቃወመው ለዚህ ነው። ሙዝ ሲበላ ቃጫው ስኳሩን ያዘገየዋል፤ ማር ግን ቃጫ የለውም።

የእናቴ ሰውነት ለኢንሱሊን እንደ ቀድሞው አይታዘዝም፤ ቆሽቷም የሚያመነጨው አይበቃትም። የሚሠራ ጡንቻ ግን ያለ ኢንሱሊንም ግሉኮስ ይስባል። ከገበያ ስትመለስ ባጃጅ ትታ ዳገቱን በእግሯ እንድትወጣ የምጨቀጭቃት ለዚህ ነው። ማሩን በተመለከተ ክርክራችን አላለቀም፤ ማንኪያው ግን አንሷል።

በአንድ ነገር ግን እስማማታለሁ። ኢንሱሊን የሚወጋ ሰው ምግብ ዘግይቶበት እጁ ቢንቀጠቀጥ፣ ቢያልበው፣ ንግግሩ ቢምታታ፣ ስኳሩ ወርዷል ማለት ሊሆን ይችላል። ያኔ አንድ የሾርባ ማንኪያ ማር ወይም ሦስት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውኃ በጥብጦ ወዲያው ይውሰድ፤ በ15 ደቂቃ ካልተሻለው ይድገም፤ ሲሻለው ምግብ ይብላ። ራሱን ከሳተ ግን ሊያንቀው ስለሚችል በአፉ ምንም አይሰጠው፤ ቶሎ ወደ ጤና ጣቢያ ይወሰድ።